ዓሣ የተሣለበት ገንዳ

ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ አዲስ ነገር ተማርኩ። ሰው ለመወለድ ለካ ገንዳ ያስፈልገው ኖሯል። በደረቅ መሬት የተወለድነው ሁሉ ስንሸወድ ኖረናል።

ትምህርቱን ያመጣልኝ የልጄ ባል ሚኪ ነው። ሚኪ አስጎብኚ ነው፤ ማለትም ጎብኚ በነበረበት ጊዜ አስጎብኚ ነበር። መንገዱ መዘጋጋት ከጀመረ ወዲህ የሚያስጎበኘው ስልኩን ብቻ ነው። እራት ላይ ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋና አንዲት ፈረንጅ ገንዳ ውስጥ ተቀምጣ ፈገግ ስትል አሳየኝ።

"ምን እያደረገች ነው?" አልኩት።

"እያማጠች ነው፣ አያ።"

"ምጥ እንዲህ ያስቃል?"

"ውሃው ነዋ። ሕመሙን ውሃው ይወስደዋል። ሐኪም የለ፣ መርፌ የለ፣ በገዛ ቤቷ።"

ልጄን ዓለምእሸትን አየኋት። ሰባት ወር አልፏታል። ዓይኗን ሳህኑ ላይ ተክላለች። ያን ጊዜ ገባኝ። ስልኩን የያዘው ሚኪ ነው፤ ሐሳቡን የያዘችው እሷ ናት።

ባለቤቴ ይማርሽ እንጀራውን እየቆረሰች፣ "እኔ ስድስቱንም የወለድኩት ቁርበት ላይ ነው። አንዱም ዋና አልቻለም" አለች።

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በዚህ ቤት ውሃ ይጠጣል፣ ይታጠቡበታል፤ ሌላ ሥራ የለውም ብዬ ተነሣሁ።

ነሐሴ 21

ገንዳው መጣ። የተዘጋ ሆቴል ውስጥ አቧራ ሲጠጣ የከረመ የፈረንጅ ልጆች መዋኛ ነው፤ ባለቤቱ ለሚኪ ሰጠው። በአየር የሚነፋ ላስቲክ ነው። ሆዱ ላይ ዓሣ ተሥሎበታል፤ ቀይም ቢጫም አለ፤ ሁሉም ይስቃሉ። የልጅ ልጄን የሚቀበሉት እነዚህ ናቸው።

መንፊያውን ያዋሰው ባለባጃጁ ቢሆነኝ ነው። በአጥር በኩል አንገቱን አስገብቶ፣ "አያ ከፋለ፣ መርከብ ገዙ አሉ። መቼ ነው የምንሳፈረው?" አለኝ።

"አንተ ባጃጅህን ጭቃ እንዳይውጠው ጠብቅ" አልኩት።

"እሱስ ተውጧል። ለዚህ እኮ ነው መርከቡን የፈለግሁት።"

ሚኪ እስከ ምሳ ሲነፋ ዋለ። አንድ በኩል ያፈስሳል። የባጃጅ ጎማ የሚለጠፍበትን ማስቲሽ ቀባበት። ገንዳው በምን ያህል ውሃ እንደሚሞላ በዓይኔ ለካሁት። የከተማውን ቧንቧ ስከፍትና ስዘጋ ነው ያረጀሁት። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው፣ ቧንቧ የተማርኩት ከተሰበረ ቧንቧ። ስለዚህ ውሃ ልለካ ስል ስልክ አያስፈልገኝም። ገንዳው የሚጠጣው የሦስት ቤት የሳምንት ውሃ ነው።

ነሐሴ 26

እንደጠበቅሁት ዓለምእሸት ውሃ ልትጠይቀኝ መጣች። በዚህ ሰፈር ሮቶ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው።

"አባዬ፣ ይህን ልጅ ከየት እንዳገኘሁት ያውቃሉ" አለችኝ።

አውቃለሁ። ባለፈው ገና በቤተ ማርያም ግቢ ያለው ኩሬ ውስጥ፣ ልጅ እንደሚለምኑት ሴቶች ሁሉ፣ ብብቷ ሥር ገመድ ታስሮ ወረደች። ውሃው በረዶ ነው። ገመዱን ከያዙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ስትወጣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነበር፤ በወሩ አረገዘች። በዚህ አልቀልድም።

"ከውሃ ያገኘሁትን በውሃ እወልደዋለሁ" አለች።

"እናትሽን ያገኘኋት ሙጃ ገበያ ነው። ታዲያ እናንተን የወለድናችሁ ገበያው መሀል ነው?"

"ጤና ጣቢያ አልሄድም፣ አባዬ።"

"ለምን?"

"ያውቁታል።"

አውቀዋለሁ። በጦርነቱ ሰሞን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከገባችበት ጤና ጣቢያ ባለሙያዎቹ ሸሽተው ነበር። አልጋው ላይ ሆና ሰው ስትጣራ አደረች። የመጣላት የለም። በማግሥቱ ልጁን በጋቢዬ ጠቅልዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ያኔ ባለሙያ አልነበረም፤ ዛሬ ግን አለ። ይህን ነገርኳት። "ያኔም አለ ብለውኝ ነበር" አለች።

ውሃ አልሰጥም አልኩ። ሮቶው ላይ ቁልፍ አደረግሁበት።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። እንደ ልማዱ ዝናቡ መጣ፤ የሰፈር ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ወጡ። ዓለምእሸትም ወጣች፤ ገንዳውን እየጎተተች። በዛሬው ዝናብ የታጠበ ይባረካል ይባላል፤ ሩፋኤል ደግሞ የወላዶች መልአክ ነው። ግቢው መሀል ዘርግታው ከጣራው የሚወርደውን ሁሉ ሰበሰበች። ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ስዘጋ ኖሬ የዚህኛው መዝጊያ የት እንዳለ አላውቅም።

ማታ የንስሐ አባታችን መምሬ ወልደ ሰንበት መጡ። ውሃውን ባርኩልኝ አለቻቸው።

"ለምን ሊሆንሽ?"

ነገረቻቸው። ጢማቸውን ያዙ።

"ልጄ፣ ጠበል ካልሽው ደም አይነካውም። ደም ከነካው ጠበል አልለውም። አንዱን ምረጪ።"

"ዝናቡን የላከው ሩፋኤል ነው፣ አባ። ምን ላደርግበት እንደሆነ ሳያውቅ ላከው?"

"እሱ መልአክ ነው፣ ያውቃል። እኔ ቄስ ነኝ። ያልታዘዝኩትን አልባርክም።"

ደስ አለኝ። አንድ ሰው ከእኔ ጋር ቆመ አልኩ። ዓለምእሸት ግን ውሃውን በጄሪካን ሞልታ ክፍሏ ውስጥ ደረደረችው። ከመምሬ ጋር ሁለት የተሸነፍን ሰዎች ሆነን ጠላ ጠጣን።

መስከረም 4፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የቅሬ ስብሰባ ነበር። ቅሬያችን ሬሳ ይቀብራል፤ የታመመውን ደግሞ ከዚህ ገደል ሥር በቃሬዛ ተሸክሞ ባጃጅ እስከሚደርስበት መንገድ ያወጣል። ዳኛው እኔ ነኝ።

አንድ ሕግ አቀረብኩ። ጤና ጣቢያ መሄድ ስትችል በፈቃዷ ቤቷ የወለደች ሴት ቢከፋባት፣ ቅሬው ቃሬዛ አያወጣላትም።

ጋሻዬ ብቻ ተነሣ። ጋሻዬ ጎረቤቴ ነው፤ ገብስ ያርሳል፤ ሚስቱ ባንችይርጋ ነፍሰ ጡር ናት።

"አያ፣ ሕጉ ለሰፈሩ ነው ወይስ ለልጅዎ?"

"ልጄ ሰፈር የላትም?"

"ምጥ ድንገት ቢመጣስ?"

"በፈቃዷ ነው የሚለው። ድንገት የመጣባት አትነካም።"

"ፈቃዷን የሚያውቀው ማን ነው?"

"ዳኛው።"

"እንግዲያው ጨረስን" አለና ተቀመጠ። እጅ ወጣ። እኔም አወጣሁ። አልፏል።

ዓለምእሸት ትሰማለች፣ ትፈራለች፣ ትሄዳለች። ሕግ የተፈጠረው ለዚህ ነው።

መስከረም 5

ሰማች። አልፈራችም። በእናቷ በኩል የላከችው መልስ፦ "ቃሬዛው ለራሱ ይሁነው።"

መስከረም 12

በችኮላ። የባንችይርጋ ወንድሞች መጡ። ሌሊት ቤቷ ወልዳለች፣ ጋሻዬ ፍላቂት ገበያ ሄዶ መንገድ ተዘግቶበታል። ደሙ አልቆመም። ቃሬዛው ያለው እኔ ዘንድ ነው።

"የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ትርሐስ ቀድመሽ ነይ፣ የእናቶች ማቆያው ውስጥ ተቀመጪ ብላት አልነበረም?" አልኳቸው።

"ብላታለች። ልጆቹን የሚይዝላት ሰው አጣች።"

"ስለዚህ ያልሄደችው በፈቃዷ ነው።"

ትልቁ ወንድሟ ትንሽ አየኝ። አልተሳደበም። ያለ ቃሬዛ ተመልሰው ሄዱ። ከዚያ በአጥሩ አየኋቸው። የቤታቸውን በር ነቅለው፣ በሩ ላይ አስተኝተዋት ሽቅብ ሲወጡ።

ማታ

ደርሳለች አሉ። ተርፋለች አሉ።

ሕግ ከወጣ በኋላ የመጀመሪያዋን የሚዘልል ዳኛ ዳኛ አይደለም። የኔን ልጅ ላስፈራራ አውጥቼ የሰውን ልጅ ልለፋት? ወይም ሕግ ነው፣ ወይም አይደለም።

እራት አልበላሁም። ሽሮው ጨው በዝቶበታል።

ይማርሽ፣ "ጨው ጨርሰናል፤ ዛሬ ያለ ጨው ነው የሠራሁት" አለችኝ።

መስከረም 14

ጋሻዬን መንገድ ላይ አገኘሁት። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ "እንደምን አደሩ፣ አያ ከፋለ" አለኝ። ቤተሰቤን በየስማቸው ጠየቀ። አንድም አላስቀረም።

ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

መስከረም 19

መስቀል አለፈ። ዛሬ ሲስተር ትርሐስ ከጤና ጣቢያው በእግሯ ወርዳ መጣች። ይማርሽ ናት የጠራቻት፤ እኔ አላውቅም። ማለትም ይማርሽ ጫማዋን ስታስር አይቻለሁ እንጂ ወዴት ነው አላልኩም።

የልጄ ክፍል ከግድግዳዬ ጋር ተያይዟል፤ ስለዚህ ሰማሁ።

"ማን ሊያዋልድሽ ነው?"

"ሚኪ።"

"ሚኪ ምን ያውቃል?"

"ብዙ ቪዲዮ አይቷል" አለች ልጄ። ሚኪ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔም ብዙ ኳስ አያለሁ" አለች ሲስተር። "ስሚኝ፣ ዓለምዬ። ልጁ ደህና ነው፣ ራሱን ወደ ታች አዙሯል። የምፈራው ከልጁ በኋላ ያለውን ነው። ደረቅ ላይ ሲፈስስ አየዋለሁ። ውሃ ውስጥ ሲፈስስ ስንት እንደሆነ አይታወቅም፤ ትንሹም ብዙውም ውሃውን ያቀላዋል። ነይልኝ። አጠገብሽ ነው የማድረው።"

"ያኔም እንደዚሁ የምትል ነበረች። ስሟን ሁሉ አስታውሰዋለሁ።"

ሲስተር ዕቃዋን ስትሰበስብ ሰማሁ።

ስትወጣ በሩ ላይ ተገናኘን። "አያ ከፋለ፣ ሕግዎን ሰምቻለሁ" አለች። "አንዲት ሴት በቃሬዛ እጦት ቤቷ ብትሞት ሬሳዋን የሚሸከመው ማን ነው?"

"ቅሬው።"

"እንግዲያው ሸክሙ አልቀረላችሁም።"



መስከረም 24

የቃሬዛው ጠፍር ላልቶ አየሁት። አውጥቼ በአዲስ ጠፍር አጠበቅሁት። የቅሬው ንብረት ስለሆነ ነው።

የጄሪካኖቹ ውሃ ሸትቷል። በአንዱ ውስጥ ትል አየሁ። የሩፋኤል ትል ነው እንግዲህ፤ እሱም ይባረካል።

ጥቅምት 1

የሮቶውን ቁልፍ ቧንቧው ላይ ረስቼው ወደ ከተማ ሄድኩ። ስመለስ ውሃው ከግማሽ በታች ነው። ጄሪካኖቹ ታጥበው ሞልተዋል። እርጅና ነው፣ ሰው ይረሳል።

ይማርሽ አየችኝና ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ምን እንዳሳቃት አልጠየቅኋትም።

ጥቅምት 8

ጠዋት። ጀምሯታል።

ይማርሽ ውሃ ታሞቃለች። ሚኪ ያመላልሳል።

መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ስልኩ ጠፋ። አዋላጁ ባትሪ ጨረሰ።

ሲስተር ትርሐስ ትጠራ አልኩ። "አይሆንም ብላለች" አለኝ ሚኪ። የኔ ልጅ አይሆንም ካለች አይሆንም። ግድግዳው ሥር ያለው ቧንቧ ዘንድ ሆኜ እጠብቃለሁ፤ ያፈስሳል መሰለኝ።

ጥቅምት 10

ትናንት አልጻፍኩም። ዛሬ ሁሉንም እጽፋለሁ።

ከግድግዳው ሥር ተቀምጬ ነበር። ቧንቧው አያፈስስም ነበር። ከውስጥ የምሰማው የውሃ ድምፅና የእሷን ድምፅ ነው። አልጮኸችም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሰው እያናገረች እንደሆነ ሁሉ፣ ሩፋኤል፣ ሩፋኤል ትላለች። እኔ ደግሞ ከውጭ ሆኜ ሌሎች መላእክትንም ጠራሁ፤ አንዱ ሥራ ቢበዛበት ብዬ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሕፃን አለቀሰ። ሚኪ እስከ ክንዱ ረጥቦ፣ እያለቀሰ ወጣ።

"ሴት ናት፣ አያ። ዓይኗን ገልጣ ነው የወጣችው።"

"ዋና ቻለች?" አልኩት።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ ተሸንፌያለሁ ብዬ ነበር። ፈረንጇም፣ ስልኩም፣ ገንዳውም ልክ ሆኑ ብዬ ነበር። መሸነፌ ቅር አላለኝም።

ከዚያ ከውስጥ ድምፅ ጠፋ። ይማርሽ ብቅ አለች። እጇ ቀይ ነው። ስድስት ልጅ የወለደች ሴት ናት፤ ፊቷ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

"እንግዴ ልጁ አልወርድ አለ" አለች። "ግባ።"

ወንድ ምጥ ቤት አይገባም። ሚኪ የስልክ ልጅ ነው፣ እሱ ይግባ፤ እኔ ለስድስቱም አልገባሁም። ገባሁ።

ገንዳው ውስጥ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሕፃኗ ደረቷ ላይ ናት፣ እትብቷ ገና አልተቆረጠም። ውሃውን አየሁ። ከሥር ያሉት ዓሦች አይታዩም።

"ቪዲዮው ላይ ትንሽ ደም ይኖራል ይላል" አለ ሚኪ።

"ትንሹ ይህ ነው?"

ዓለምእሸት ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

"አባዬ፣ በረደኝ።"

"ትወጫለሽ አሁን።"

"አባዬ፣ ይህችኛዋን በጋቢዎ እንዳይጠቀልሏት።"

"አልጠቀልላትም" አልኩ።

ይማርሽ እትብቱን አሠረችና ቆረጠች። ከሚኪ ጋር አንሥተን አወጣናት። ከብዳ አይደለም የከበደችኝ፤ መቅለሏ ነው። እኔ ወጥቼ የቅሬውን ጡሩምባ አነሣሁ። ጡሩምባ ነፊ አለን፣ ቤቱ ሩቅ ነው። ራሴ ነፋሁ። ለሬሳ የሚነፋው ረጅም ነው፣ ለታመመ ደግሞ አጭር አጭር። የኔ ትንፋሽ አጭር ስለሆነ በዚያ በኩል ችግር አልነበረም።

ቃሬዛውን ደጅ አውጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ማን ይመጣል? ሕጉን ያውቁታል። እጃቸውን አውጥተው ያጸደቁት እነሱ ናቸው። ባንችይርጋን በበር ሲያወጧት ሁሉም አይተዋል።

መጀመሪያ የደረሰው ጋሻዬ ነው። ከእርሻ ነው የመጣው፣ ማጭዱን ይዟል። እየሮጠ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

"ጋሻዬ፣ ሕጉ..." አልኩ።

"አያ፣ ዞር ይበሉ" አለኝ። "በሩን ዘግተውታል።"

ዞር አልኩ። ገብቶ ከሚኪ ጋር ተሸክሞ አወጣት። የባንችይርጋ ወንድሞችም መጡ፤ ትልቁ የፊቱን እንጨት ያዘ። ሌሎችም ደረሱ። እኔ የኋላውን ልይዝ ስል ጋሻዬ እጄን አነሣው። "እርስዎ ለሽቅብ አይሆኑም። ልጅቷን ይያዙ።"

ስለዚህ ከኋላቸው ሕፃን ታቅፌ ወጣሁ። የተጠቀለለችው በይማርሽ ነጠላ ነው። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተቀያየሩ፣ አንድም ጊዜ አላስቀመጧት። ትልቁ ወንድም እያለከለከ፣ "ይህ ጠፍር አዲስ ነው እንዴ? ጠበቅ ብሏል" አለ።

"አያ ናቸው ያጠበቁት" አለ አንዱ።

"መቼ?"

እኔ ሕፃኗን አስተካከልኩ።

ከላይ የቢሆነኝ ባጃጅ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ስለ መርከብ አላወራም።

ሲስተር ትርሐስ የጤና ጣቢያው በር ላይ ነበረች። እንግዴ ልጁን በእጇ አወጣችው፤ ደም ተሰጣት፤ የሰጡት ሁለት ሰዎች ከተሸካሚዎቹ መካከል ናቸው። የኔ አያስፈልግም አሉ፣ ያረጀ ነው። ማታ ወጥታ፣ "ትተርፋለች" አለችኝ። ስለ ሕጉ አንድ ቃል ብትናገረኝ ብዬ ቆምኩ። ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ጥቅምት 14

ቤት ገባች። ትራስ ተደግፋ አጥሚት ትጠጣለች። ሕፃኗ ትጮኻለች፤ ደኅና ሳንባ አላት።

"አሁንስ ስለ ውሃው ምን ትያለሽ?" አልኳት።

"ልጄን በሰላም የወለድኩት ውሃው ውስጥ ነው። ያስቸገረኝ እንግዴ ልጁ ነው።"

"እሱስ የማን ነው? የጎረቤት ነው?"

ወደ ግድግዳው ዞራ፣ "ሲስተር ትርሐስ እጄን ይዛ አደረች" አለች። "ሙሉ ሌሊት። እንቅልፍ ሲወስዳት እንኳ አለቀቀችኝም።"

"ስለዚህ የሚቀጥለውን እዚያ ትወልጃለሽ።"

"ገንዳውን ይዤ እሄዳለሁ።"

ይማርሽ ሳቀች። "ይህን ግትርነት ከየት እንዳመጣችው እንጃ" አለች። ወደ እኔ እያየች ነበር የምታወራው። ዓይኗ ደህና አያይላትም መሰለኝ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ቅሬ ተሰበሰበ። ከመጀመራቸው በፊት ተነሥቼ ራሴን ከሰስኩ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ፤ ለሰው ሚስት ያጠበቅሁት እኔ፤ ለልጄ ያፈረስኩት እኔ። ይፈረድብኝ አልኩ።

"ይቅር፣ አያ" አሉ።

"አይቀርም።"

"እርስዎ ሲፈርዱም ግትር፣ ሲፈረድብዎም ግትር" አለ ቢሆነኝ።

መምሬ ወልደ ሰንበት ጋሻዬን ፍረድ አሉት። ጋሻዬ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረ።

"እኔ አልፈርድም። በር ላይ የተጫነችው እኔ አይደለሁም።"

ሁሉም ገባው። ለባንችይርጋ ተሰጠሁ።

ከዚያ ሕጉ ይሻር ተባለ፣ እጅ ወጣ። እኔ አላወጣሁም፤ ዳኛ ድምፅ አይሰጥም። ሲጸድቅ ግን አውጥቼ ነበር። ማንም አላስታወሰኝም፤ ትዕግሥታቸው ያናድዳል።

ጥቅምት 18

በአገራችን በደለኛ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ የተበዳይ ደጅ ይቆማል፤ "ይጣሉት" እስኪባል ድረስ አያወርድም። ለብዙ ሰው ፈርጄበታለሁ። ለራሴ አድርጌው አላውቅም።

ወገቤን ስለሚያመኝ መጠነኛ ድንጋይ መረጥኩ። ሰፈሩ ሁሉ በየአጥሩ ቆሟል፤ ዛሬ ለካ ማንም ሥራ የለውም።

ባንችይርጋ ከደጃፏ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። ገና አራስ ናት፣ ፊቷ አልተመለሰም። ቀና ብላ ድንጋዩን አየችው።

"አያ ከፋለ፣ መጅ ሊሰጡኝ ነው የመጡት? መጅ እኮ አለኝ።"

ተመለስኩ። ከገደሉ ሥር ሌላ ትልቅ አነሣሁ፤ ሁለት ቦታ አርፌ ነው ያደረስኩት። ጋሻዬ ከውስጥ ሊወጣ ሲል በዓይኗ አስቀመጠችው።

አሁን ድንጋዩን አላየችውም። ልጇን ወደ ሌላው ጡት አዞረች። ቆምኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

"በሩ ላይ ሲያወጡኝ በጀርባዬ ነበርኩ" አለች፣ ልጇን እያየች። "ሰማዩን ብቻ ነው የማየው። የበሩን ማጠፊያ ብረት አልነቀሉትም ነበር፣ ተቻኩለው። በእያንዳንዱ ርምጃ ጀርባዬን ይወጋኛል። እንዳይቆሙ ብዬ አልተናገርኩም።"

"አላወቅሁም" አልኩ።

"አልጠየቁም።"

ልጇ ጠብቶ እስኪያንቀላፋ ጠበቀች። ከዚያ፣ "ልጅዎ ደኅና ናት?" አለችኝ።

"ደኅና ናት።"

"ሕፃኗስ?"

"ትጮኻለች።"

"ይጣሉት እንግዲህ።"

"የት?"

"እዚያ ጭቃው ላይ። መረገጫ ይሁነኝ።"

ጣልኩት። ጥዬው ግን መሄድ አልቻልኩም፤ ተንጋድዷል። ተንበርክኬ ሥሩን ጫርኩ፣ ጠጠር አስገባሁ፣ በተረከዜ ደበደብኩት። ባንችይርጋ ተነሥታ በአንድ እግሯ ረገጠችው።

"ይወዛወዛል" አለች።

አይወዛወዝም። ነገ በጠዋት ሄጄ አየዋለሁ፤ ግን አይወዛወዝም።